የካኑላ ሥልጠና ፕሮፖዛል፦ ሐሳብ እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ የካኑላ (በመርፌ ገብቶ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ሥልጠና ረቂቁ ተለጥፏል። ሥልጠናው 2 ቀን፣ ወጪው ከመዋጮው። ዓላማው ሕጻናትና ፈሳሽ ያለቀባቸው በሽተኞች ላይ ደም ሥር በመጀመሪያው መውጋት ማግኘት ነው። እንደ አምናው በስላይድ ብቻ እንዳያልቅ።

ድንገተኛ ክፍል፦ ክፍል 3 ላይ ክንድን «በጓንት ማሰር» የሚለው ይውጣ። ቱርኒኬት (የክንድ ማሰሪያ ቀበቶ) ይገዛ።

ሕጻናት ዋርድ፦ ጓንት ምን አደረገ? ጨቅላ ክንድ ላይ ያንን ሰፊ ቀበቶ የት ልታስረው ነው?

ድንገተኛ ክፍል፦ ጓንት ሲወጠር ይጠቀለልና እንደ ክር ይሆናል፤ የአዛውንት ቆዳ ይልጣል። ሲቋጠር ደግሞ ለመፍታት ሁለት እጅ ይጠይቃል፣ አንዱ እጅ ግን ካኑላውን ይዟል። ሳይፈታ ፈሳሽ ከተከፈተ ቦታው ያብጣል።

ቀዶ ሕክምና፦ ጥፋቱ የጓንቱ ሳይሆን የአስተሳሰሩ ነው። ከሚወጋው ቦታ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ጫፉ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ። የእጅ አንጓ ትርታ ከጠፋ ጠብቋል። ከ1 ደቂቃ አይለፍ።

ድንገተኛ ክፍል፦ የጓንቱ ላስቲክ፣ ላቴክስ፣ የማይስማማውስ?

ሕጻናት ዋርድ፦ የምትገዛው ቱርኒኬትም ላቴክስ ከሆነስ? ለመከራከር ብቻ አትጻፍ!

ድንገተኛ ክፍል፦ ሲስተር፣ የምከራከረው ለበሽተኛው ቆዳ ነው።

ጸሐፊ፦ በቃ። ሰው ሠራሽ የልምምድ ክንድ አመጣለሁ ያላችሁ ከማዋለጃ፣ የት ደረሰ?

ሒሳብ ያዥ፦ ቱርኒኬት ከተገዛ የሁለተኛው ቀን ወጪ አይሸፈንም።

ሕጻናት ዋርድ፦ ሁለተኛው ቀን እኮ የሕጻናቱ ነው! ቢጫዋ 24፣ ትንሿ የሕጻናት ካኑላ፣ የምትበላሸው ማሰሪያው ላይ አይደለም። ደም ብቅ ሲል መርፌው እንጂ ፕላስቲኩ ገና አልገባም፣ ጫፉ ወደ ኋላ ነው። ዝቅ አድርጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር መግፋት፣ ከዚያ መርፌውን ይዞ ፕላስቲኩን ብቻ ማንሸራተት። ሰው ደም እንዳየ መርፌውን ይስባል፣ ከዚያ መልሶ ይከታል። የተመለሰ መርፌ ፕላስቲኩን ይቆርጠዋል፣ ቁራጩም በደም ሥር ይሄዳል። ይህ በእጅ ካልተለማመደ በንግግር አይገባም።

ድንገተኛ ክፍል፦ እውነት ነው። ለጨቅላ ጠባቡ ማሰሪያ ይታከል፣ ጓንቱም በአማራጭ ይቆይ።

ቀዶ ሕክምና፦ አልኮሉ 30 ሰከንድ ታሽቶ ይድረቅ፣ ከደረቀ በኋላ በጣት አይነካ የሚለውም ይግባ።

ጸሐፊ፦ አዲሱ ረቂቅ፦ ቱርኒኬት ለየዋርዱ፣ ሰፊና ጠባብ፤ ሥልጠና 1 ቀን፤ የሕጻናቱ ልምምድ ክንዱ ሲገኝ።

ሕጻናት ዋርድ፦ እንዲህ ከሆነ ስሜን ከአስተባባሪነት አውጡት።

ሒሳብ ያዥ፦ ለቱርኒኬቱ 3 ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ማን ያመጣል?