ክርክር፦ ሃይላንዱና አቼቶው ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ጂኦግራፊ 9ኛ፦ ሰላም ቤተሰብ። የአየር ንብረት ለውጥን በሙከራ ላስተምር ብዬ ሁለት ሃይላንድ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ውስጥ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ (ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣቸዋል)፣ ሌላው ውስጥ ውሃ ብቻ፤ በሁለቱም ቴርሞሜትር። ክፍለ ጊዜው አለቀ። ምክትል ርእሰ መምህሩ "ምዕራፉን መቼ ልትጨርስ ነው?" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ክፍል ውስጥ ቦታ አለው ትላላችሁ?

ሒሳቡ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ የለውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ይዘን ጠርሙስ ፀሐይ ልናሞቅ?

የኬሚስትሪዋ፦ የወደቁት ሙከራ ሠርተው መሰለህ? በሽምደዳ ነው እኮ! እኔ 60 ልጅ ባለበት ክፍል እሠራለሁ። ኖራ ከግንበኞች እለምናለሁ። ውሃ በጥብጬበት አሳድራለሁ፤ ሲጠራ ላዩን እቀዳለሁ። አንድ ልጅ በስትሮ ቀስ ብሎ ይነፋበታል (መሳብ የለም፣ ኖራ ያቃጥላል)። በትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥርት ያለው ውሃ እንደ አጓት ይደፈርሳል። "ቲቸር፣ ከኔ ሆድ ነው የወጣው?" ያለኝን ልጅ አልረሳውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፋብሪካ ጭስ ብቻ ይመስለው ነበር።

ፊዚክሱ፦ ሙከራ ይኑር ባይ ነኝ። ያቺን ሃይላንድ ግን ተዋት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር 1.5 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ይተኛና የሞቀውና የቀዘቀዘው አየር እንዳይቀላቀል ያደርጋል። ሙቀቱን በዋናነት የሚጨምረው ይሄ ነው። አርጎን የሚባለውን ከባድ ጋዝ ብትሞላበትም ይሞቃል፤ አርጎን ደግሞ ሙቀት አማቂ ጋዝ አይደለም። መልሱ ልክ፣ መንገዱ ስህተት። ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ስንት ትሰጡታላችሁ?

ጂኦግራፊ 9ኛ፦ ኧረ ባክህ! አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዩኒስ ፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጥ እንደሚሞቅ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1856 በመስታወት ሲሊንደርና በፀሐይ አይደል እንዴ?

ፊዚክሱ፦ ነው፣ ፍንጩ የእሷ ነው። ጋዙ ራሱ የሙቀት ጨረር እንደሚውጥ ለይቶ የለካው ግን ከ3 ዓመት በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል ነው። ለዚያ የሠራው መሣሪያ ነበረው። እኛ የለንም።

የልጅ አባት፦ እኔ መምህር አይደለሁም፣ ይቅርታ። ልጄ ማታ እናቷን "በከሰልሽ ዓለምን አሞቅሽው" አለቻት። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ አይሞላም። ይህንንስ ለምን አታስተምሩም?

የኬሚስትሪዋ፦ ልክ ነዎት፣ እናትየው ላይ መውደቅ የለበትም። ከሰሉን ግን እፈልገዋለሁ። ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ አስቀምጬ "ንጹሕ ካርቦን ቢሆንና ሙሉ ቢነድ ስንት ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል?" እላለሁ። ሁሉም ከአንድ ኪሎ በታች ይላሉ። ጭስ ቀላል ነዋ! ከዚያ ሰሌዳ ላይ እናሰላለን። 12 ግራም ካርቦን ከአየር 32 ግራም ኦክስጅን ወስዶ 44 ግራም ይሆናል። አንድ ኪሎው 3.67 ኪሎ። ክፍሉ ይንጫጫል። (እዚያው እንዳታነዱት፣ የከሰል ጭስ ይገድላል።) አንተ ሒሳቡ፣ ይሄ የኬሚስትሪው የሞል ስሌት ነው፤ ማትሪክ ላይ ይመጣል።

ሒሳቡ፦ እሺ፣ 10 ደቂቃ ከሆነ ከዚህኛው ጋር አልጣላም።

ጂኦግራፊ 9ኛ፦ ሃይላንዱን ትቻለሁ። ኖራው ስንት ቀን ይደር?

የኬሚስትሪዋ፦ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ክዳኑን ግጠመው። ክፍት ካደረ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ላዩ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ከረሳኸው ደግሞ ቅርፊቷን አትድፋት፣ ለልጆቹ አሳያቸው።