ጥቆማ፦ ለዓመታት ዩፎኒየም የነፋ ሰው አዲስ ሲገዛ

ዩፎኒየም፣ ማለትም ትንሽ ቱባ የሚመስለውን የናስ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ለዓመታት ስትነፉ ኖራችሁ መሣሪያ ልትቀይሩ ላሰባችሁ የምጽፈው ነው። ከጀማሪ ይልቅ የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ፤ ከንፈራችሁ የአሮጌውን መሣሪያ ጉድለት እየሸፈነ መንፋት ለምዷልና። እኔ ለረጅም ጊዜ በያዝሁት ዩፎኒየም ከፍተኛው ኤፍ የሚባለው ድምፅ ሁልጊዜ ከቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሽ ነበር። ሳላስበው በከንፈሬ ወደ ታች እየጎተትሁ ኖሬ፣ አዲስ መሣሪያ ስሞክር ያው ድምፅ ዝቅ ብሎ ወጣ። መሣሪያው ጥሩ አይደለም ብዬ ትቼው ሄድሁ። ጥፋቱ የልማዴ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሙከራውን እንዲህ አድርጉት። የራሳችሁን ማውዝፒስ፣ ማለትም ከንፈር የሚያርፍበትን ክፍል፣ ያዙ፣ መሣሪያውን በደንብ አሙቁት፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ድምፅ ረዘም አድርጋችሁ ንፉ። የድምፁን ከፍታ የሚለካውን መቃኛ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። መቃኛውን እያያችሁ ከነፋችሁ ከንፈራችሁ ሳታውቁት ያስተካክለዋል፤ የምትፈትኑትም መሣሪያውን ሳይሆን ጆሯችሁን ይሆናል። በተለይ ከባስ መስመሮች በላይ ያሉትን ኢ ፍላት፣ ኢ እና ኤፍ መርምሩ። እነዚህ በስድስተኛው ሃርሞኒክ (በአንድ የቱቦ ርዝመት በከንፈር ብቻ ከሚወጡት ድምፆች ስድስተኛው) ላይ ስለሚወጡ በብዙ ዩፎኒየሞች ከፍ ይላሉ። ከሥራቸው ያለው ዲ ደግሞ፣ ያለ ቫልቭ፣ ማለትም የአየሩን መንገድ የሚያስረዝመው የጣት ቁልፍ ሳይጫን፣ ሲነፋ ዝቅ ማለት ይወዳል። በግራ እጅ እየተገፋ ዋናውን የመቃኛ ቱቦ የሚያስረዝመው ትሪገር የተሠራው ከፍ የሚሉትን ለማረም ነው። ትሪገር ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ኤፍ በመጣ ቁጥር ካልጎተታችሁ የማይስተካከል መሣሪያ በፈጣን ምንባብ ላይ ያደክማል።

ወደ መሣሪያዎቹ ልለፍ። በቅኝት እኩልነት እኔ የማስቀድመው የያማሃን 642 ኒዮ ነው። ቤሉ፣ ማለትም ሰፊው አፉ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ድምፁ የተሰበሰበ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ነው። ትሪገር ያለውም የሌለውም ይገኛል። በትንፋሽ መሣሪያዎች ባንድ ውስጥ ከክላሪኔትና ከሆርን ጋር የምትነፉ ከሆነ ሌላ ብዙ አትድከሙ። በብራስ ባንድ፣ ማለትም የናስ መሣሪያዎች ብቻ በሚነፉበት ባንድ፣ ውስጥ ለምትነፉ ግን ቤሰን ያለው ጥቁርና ሞቃት ድምፅ አሁንም ልቤን ይወስደዋል። የቤሰን ሶቨሪን 967 ቤል 28 ሴንቲ ሜትር፣ የ968 ደግሞ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በፕሬስቲጅ ደረጃም 2051 እና 2052 በዚሁ መጠን ይለያያሉ። ብዙ ሰው ሳይሞክር ትልቁን ይመርጣል። እኔ በትንሹ ቤል ላይ ዝግ ብሎ መግባትና ድምፁን መሰብሰብ ይቀልለኛል፤ ሁለቱንም ሳትሞክሩ አትወስኑ።

የኔዘርላንዱ አዳምስ ድምፁን በገዛ ፍላጎቱ መቅረጽ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ የቤሉን ውፍረትና ማዕድን አስመርጦ ይሠራል። ሳስቶ የተሠራ ቤል ቶሎ ይመልሳል፤ ጠንክራችሁ ስትነፉ ግን ድምፁ ቶሎ ይሰነጠቅባችኋል። የስዊዘርላንዱ ዊልሰን 2950 ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ለሰጠው ግን ሰፊ ድምፅ ይመልሳል። የጀርመኑን ሚራፎን 5050 ብዙ አልነፋሁትምና በአንድ ቃል፣ ሞክሩት። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ቻይና ውስጥ የሚሠራውን የዌሴክስ ዶልቼ አትናቁ፤ አንድ ብልሃተኛ ጠጋኝ ቫልቮቹን ካየላችሁ ብዙ ያገለግላል።

የትኛውንም ብትመርጡ የማካካሻ ቱቦ የሌለውን አትግዙ። ይህን ሥርዓት ዴቪድ ብሌክሊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ፈጠረው። አራተኛው ቫልቭ ሲጫን አየሩ በሌሎቹ ቫልቮች ውስጥ ተመልሶ ያልፍና ትንንሽ ተጨማሪ ቱቦዎችን ይዞራል፤ የጎደለው ርዝመት የሚሟላው በዚህ ነው። ያለ እርሱ ከታች ያለው ሲ በጣም ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ቢ ናቹራል ጭራሽ አይወጣም። ለዓመታት የደከማችሁበትን ዝቅተኛ ድምፅ ለዚህ አሳልፋችሁ አትስጡ።

የማውዝፒስ ግንድ፣ ማለትም ወደ መሣሪያው የሚገባው ጫፍ፣ ውፍረትም እንዳይረሳ። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ግንድ አለ፤ የባለሙያ ዩፎኒየሞች በአብዛኛው ትልቁን ይቀበላሉ፤ አንዳንድ የቆዩ የአውሮፓ ሥራዎች ግን መካከለኛውን ይፈልጋሉ። በዴኒስ ዊክ ኤስኤም4 ወይም በሺልኬ 51ዲ ማውዝፒስ የለመደ ሰው ግንዱ ልክ ካልሆነ ቅኝቱ በሙሉ ይዛባበትና መሣሪያውን በሐሰት ይከስሰዋል።

ሰው የነፋበትን ለምታስቡ፦ የአንዱን ቫልቭ ቱቦ ቫልቩን ሳትጫኑ ሳቡት፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታችሁ ቫልቩን ተጫኑ። ፈንድቶ ከጮኸ አየር አያሳልፍም፤ ዝም ካለ ተበልቷል። ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ደግሞ በብርሃን እዩት፤ ሮዝ ነጠብጣብ ካለበት ከናሱ ውስጥ ዚንኩ እየወጣ ነው፤ ያ ቱቦ ዕድሜ የለውም።

በመጨረሻ እኔ ሁለት 642 ጎን ለጎን አስቀምጬ ነፋሁ። ስማቸውም ቁጥራቸውም አንድ ነው። ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከክፍሉ ዳር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ስድስት ጊዜ ቀያየርኋቸው፤ አምስቱን ጊዜ ያንኑ አንዱን መረጠ፣ ዝግ ብዬ ስገባ ድምፁ ሳይዘገይ ይደርሰኛል ብሎ። የገዛሁት እርሱን ነው።