እማዬን ከኮሎምበስ ኤርፖርት ብቻዋን ወደ አዲስ ልልካት ነው፤ ምን ልወቅ?

የኮሎምበሱ፦
ሰላም ወገኖች። እናቴ እኛ ጋ ከርማ በሚቀጥለው ወር ወደ አዲስ ትመለሳለች። ስትመጣ እህቴ አብራት ነበረች፣ አሁን ግን ብቻዋን ናት። እንግሊዝኛ አትችልም። ከኮሎምበስ ደለስ (የዋሽንግተኑ ኤርፖርት) በዩናይትድ፣ ከደለስ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ትኬቱ አንድ ላይ የተቆረጠ ነው። እስከ አውሮፕላኑ በር ልሸኛት እችላለሁ? ሻንጣዋንስ ደለስ ላይ ራሷ ታነሳለች? ዊልቸር እዘዝላት ይሉኛል። እሷ ደግሞ «ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው!» ብላ ተቆጥታለች። ኤርፖርቱን የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ሚሚ_ኦሃዮ፦
አይዞህ፣ ኮሎምበስ ትንሽ ነው፣ አይጠፋበትም። ስልክህ ላይ መንገድ ስትፈልግ ብቻ «ጆን ግሌን» የሚለውን ምረጥ። ሪከንባከር የሚባል ሌላ ኤርፖርት ከከተማው ደቡብ አለ። የአጎቴን ልጅ ልንቀበል ሄደን እዚያ ስንዞር አምሽተናል።

ጋሪ_ገፊው፦
ወንድሜ፣ እንጀራዬ እዚያው ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም ይቅር በለኝ።

ከእናትህ ቁጣ ልጀምር። የእኛ እናቶች ጋሪ ሲያዩ በሽታ ነው የሚታያቸው። አንዴ አንዲት እናት «አንተ ነህ የደከመህ፣ ተቀመጥና እኔ ልግፋህ» ብለውኛል። ስለ እግራቸው አታውራ። «እማዬ፣ ጋሪው ለወረፋው ነው፣ መንገድ የሚያሳይሽ ሰው አብሮ ይመጣል» በላቸው። እውነቱም ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ትልቁ ጥቅሙ ከበር እስከ በር የሚያደርስ ሰው ማግኘቱ ነው። አገልግሎቱ በሕግ ነጻ ነው፣ ማንም ክፈል ሊልህ አይችልም። ጉርሻ ከሰጠህ ግን አንጠላም 😄። ዛሬውኑ ደውለህ ለሁለቱም በረራ አስመዝግብ። ደለስ ላይ የሚቀበላቸው ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ለአንዱ በረራ ብቻ ከተመዘገበ አውሮፕላኑ በር ላይ የሚጠብቃቸው ላይኖር ይችላል።

መሸኘት ትችላለህ። ካውንተሩ ላይ «ኤስኮርት ፓስ» ብለህ ጠይቅ። መታወቂያህን አይተው ወረቀት ይሰጡሃል፣ እንደ ተሳፋሪ ተፈትሸህ ትገባለህ። መስጠት ግን ግዴታቸው አይደለም። ቋንቋ የማይችሉ እናቴ ናቸው ብለህ በትህትና ብትጠይቅ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላሉ። የሚሰጡትም ለአንድ ሰው ነውና ቤተሰቡ ሁሉ ተከትሎ እንዳይመጣ። ስንብቱን ቤት ጨርሱት። ፍተሻው በር ላይ ለቅሶ ሲቆም ከኋላ ያለው ወረፋ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ስለ ኮሎምበስ። ሦስት ኮንኮርስ (የመሳፈሪያ ክንፍ) አለው፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ። እያንዳንዱ የራሱ ፍተሻ አለው፣ ከውስጥ ደግሞ አይገናኙም። በተሳሳተው ከገባህ ወጥተህ እንደገና ትፈተሻለህ። ስለዚህ አጭሩን ወረፋ አይተህ አትሩጥ፣ መጀመሪያ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ያለውን ፊደል እይ። አዲስ ተርሚናልም እየተሠራ ነው። በፈረንጆቹ 2029 ያልቃል ተብሏል። እስከዚያው መንገዱና ፓርኪንጉ ይቀያየራልና ሰዓት ጨምረህ ውጣ። መኪና በሩ ላይ ጥለህ መግባት አይቻልም፣ ይጎትቱብሃል። ፓርኪንግ አስገባው።

የደለሱ በረራ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ስለሚነሳ ከኮሎምበስ የምትወጡት በማለዳ ይመስለኛል። ማለዳ ደግሞ ፍተሻው ይጨናነቃል። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። በስልክ ቼክ ኢን አድርጌያለሁ ብለህ ካውንተሩን አትለፍ፣ ፓስፖርታቸውን ማየት አለባቸው። ሻንጣ ደለስ ላይ አያነሱም። ሲለጥፉበት ግን አጠገባቸው ቆመህ የመጨረሻ መድረሻው «ኤዲዲ» (ADD፣ የአዲስ አበባ ኤርፖርት ምልክት) መሆኑን በዓይንህ እይ። የሁለቱንም በረራ ቦርዲንግ ፓስ እዚሁ ጠይቅ። የሁለተኛው ካልወጣላቸው ደለስ ላይ ይሰጣቸዋል፣ ለሚገፋቸው ሰው አስቀድመህ በወረቀት ጻፍለት።

ወረቀት ካልኩ፣ አንድ ገጽ አዘጋጅና ቦርሳቸው ውስጥ ክተት። በእንግሊዝኛ ስማቸውን፣ የበረራ ቁጥሮቹን፣ የአንተን ስልክና «አማርኛ ብቻ ነው የምናገረው» የሚል ጻፍ። ከስር በአማርኛ ያንኑ ድገመው። ሰዓቱን ግን በእሳቸው አቆጣጠር አድርገው። ትኬቱ ላይ ጠዋት 11 ካለ «ከረፋዱ 5 ሰዓት» በል። ደለስ ላይ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ብርቅ አይደለም፣ ግን እሱን ተማምነህ አትላካቸው።

ሌላው የሚያስደነግጣቸው የመውጫ ማህተም አለመኖሩ ነው። አሜሪካ ስትወጣ ፓስፖርት ላይ ማህተም አይመታም፣ መውጣታቸውን አየር መንገዱ ያስተላልፋል። በር ላይ ፎቶ ሊያነሷቸው ይችላሉ። አስቀድመህ ንገራቸው። ከሄዱ በኋላ አንተ ኦንላይን አይ-94 (የአሜሪካ መግቢያና መውጫ መዝገብ) ላይ ገብተህ መውጣታቸው መመዝገቡን አረጋግጥ። ለሚቀጥለው ጉዞ ይጠቅማል።

የኮሎምበሱ፦
እግዜር ይስጥልኝ! «ለወረፋው ነው» ስላት ሳቀችና «እንዲህማ ከሆነ ይሁን» አለች። ሁለት ነገር ቀረኝ። በሁለት ሊትር ዕቃ ጠበል ይዛለች፣ ከእጄ አይለይም ትላለች። ደግሞም ጾም ላይ ናት። የምትበላው እንዴት ይሁን?

ጋሪ_ገፊው፦
ጠበሉ በእጅ አያልፍም። ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ይወሰዳል፣ ፈታሹ ጠበል ነው ብትለው አይገባውም። በትንሽ ዕቃ ቀንሳችሁ ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል ይያዙ። የቀረውን ክዳኑን በፕላስተር አጥብቀህ በልብስ ጠቅልለህ ሻንጣ ውስጥ ክተተው። ክብደቱን ደግሞ አትርሳ፣ ሁለት ሊትር ሁለት ኪሎ ነው፣ የአንዱ ሻንጣ ልክ ደግሞ 23 ኪሎ። ካውንተር ላይ ሻንጣ ከፍቶ ቡና ከአንዱ ወደ አንዱ ማዘዋወር የእኛ ሰው የታወቀ ስፖርት ነው። ቤት ሚዛን ላይ አውጣው።

ለምግቡ ለአየር መንገዱ ደውለህ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት የጾም ወይም ቪጋን ብለህ አስመዝግብ። እጃቸው ላይ ዳቦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ደረቅ ያለ ፍርፍር ቢይዙ ያልፋል። ሽሮ ወጥ ግን እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። የስልክ ፓወር ባንክ ካለ በተቃራኒው ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው።

ሚሚ_ኦሃዮ፦
ጋሪ ገፊው፣ እኔም ልጠይቅህ። የእኔ እናት ደግሞ ልትመጣ ነው፣ በዚያው በደለስ። ስትመጣም ሻንጣው በቀጥታ ኮሎምበስ ይገባል?

ጋሪ_ገፊው፦
አይገባም እህቴ። ሲመጡ ይለያል። ኢሚግሬሽን የሚያልፉት ደለስ ስለሆነ ሻንጣቸውን እዚያ አንስተው በጉምሩክ ያልፋሉ፣ ከዚያ እንደወጡ ወዲያው ያስረክቡታል፣ ወደ ኮሎምበስ ይላካል። ከዚያ ደግሞ እንደገና ይፈተሻሉ። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጪ መሃሉ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ተዪ። ርካሽ ነው ብለሽ አንድ ሰዓት ተኩል ያለውን አትግዢ። ዊልቸሩን አሁንም ለሁለቱም በረራ። ቋንጣ እንዳያመጡ ንገሪያቸው፣ ሥጋ ይወረሳል። በርበሬና ሽሮ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፣ ምግብ ይዘሻል ወይ ሲባሉ ደግሞ «አዎ» ይበሉ።