ልጄ ዘጠነኛ ገብታ ትምህርቱ ጠፋባት፤ ምን ላድርግ?

ድሬዎች እንደምን ናችሁ? የምኖረው እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ቀፊራ ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ልጄ እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ተምራ በጥሩ ውጤት አለፈች። ዘጠነኛ ስትገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነና ልጅቷ ዝም አለች። ባዮሎጂውን በአማርኛ ስጠይቃት ትመልሳለች (እኔ ራሴ ከእሷ ተማርኩ)። ፈተና ላይ ግን ጥያቄው አይገባትም። ከ100 ያመጣችው 34 ነው።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። የክፍል ኃላፊዋ ደግ ሰው ናቸው፤ "ቅዳሜ ማጠናከሪያ አለ፣ ትምጣ" አሉኝ። ላክኋት። ከ80 በላይ ልጅ በአንድ ክፍል፣ በዚያ ሙቀት! መምህሩ የሳምንቱን ትምህርት ይሮጡበታል፣ ሰሌዳው ይሞላል፣ ሰዓቱ ያልቃል። የማይገባት ቦታ የቱ እንደሆነ የጠየቃት የለም። አስጠኚ እንዳልቀጥር ዋጋው አይቀመስም።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ከተባለ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ያለፋችሁበት ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ ንገሩኝ። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ላስይዛት ወይስ ትምህርቱን? አንድ ለአምስት የሚሉት ጥናት (ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እያገዘ በቡድን የሚያጠኑት) እውነት የሠራለት አለ? ርዕሰ መምህሩንስ ምን ብዬ ልጠይቅ? የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።