ሁለት ሞኒተርና አንድ ቴሌቪዥን በአንድ ግራፊክስ ካርድ ማሠራት ስላቃተኝ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር እተዳደራለሁ። ሁለት ሞኒተሮችን ለቅንብር እየተጠቀምኩ፣ ደንበኞች ሥራቸውን ተቀምጠው እንዲያዩ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ቴሌቪዥን ከዚያው ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ብሞክርም፣ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማሠራት አልቻልኩም።

ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ሲሆን አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ዲስፕሌይ ፖርትና አንድ ዲቪአይ መውጫ አለው። ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ፣ አዲሱ ሞኒተር በዲስፕሌይ ፖርት ያለችግር ይሠራሉ። ያስቸገረኝ ቪጂኤ (አናሎግ ሲግናል የሚቀበል የቆየ መሰኪያ) ብቻ ያለው አሮጌው ሞኒተር ነው። ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ገዝቼ ልሰካው ስል አልገባ አለ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው አዳፕተሩ በጠፍጣፋው ፒን ዙሪያ አራት ቀጫጭን ፒኖች አሉት፣ በካርዱ ላይ ግን ለእነርሱ የሚሆን ቀዳዳ የለም። ሻጩ «ትንሽ ገፋ አድርገው» ብሎኝ ነበር፤ እንኳን አልሰማሁት። ከዚህ የተረዳሁት የካርዱ ዲቪአይ ዲጂታል ሲግናል ብቻ እንደሚያወጣ ነው። ገመዱን ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለው ቪጂኤ ብሰካውም ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» ብሎ ይጠፋል።

እንግዲህ ሲግናሉን ራሱ ወደ አናሎግ የሚለውጥ አክቲቭ አዳፕተር ልግዛ፣ ወይስ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከካርዱ ጋር አብሮ እንዲሠራ ላድርግ? ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 6500 ነው። በተጨማሪም ቴሌቪዥኑ የምስሉን ጠርዝ ስለሚቆርጥ የዊንዶውስ የታችኛው አሞሌ በግማሽ ብቻ ይታያል፤ ይህ የሚስተካከለው ከቴሌቪዥኑ ነው ወይስ ከካርዱ ሶፍትዌር? የሞከረው ሰው ቢጠቁመኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።