የጮቄ እረኛ ልጅ ብርድ የማይነካው በነጭ የደም ሴል ነው?

የባህርዳር ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ለስራ ጮቄ ተራራ ስር ስናን ወረዳ ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው፣ የታኅሣሥ ውርጭ ጉድ አፈላብኝ፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። እኔ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ እረኛው ልጅ ደሞ በባዶ እግሩ በጎቹን እየነዳ ያፏጫል። አንድ ቪዲዮ ላይ ነጭ የደም ሴሎች ብርድ ሲመታን ሙቀት በማምረቱ ስራ ይገባሉ ሲል ሰማሁና ገረመኝ፣ በሽታ ሲከላከሉ ነበር የማውቃቸው። እውነት ነው እንዴ? ከሆነ የኔዎቹ ምን ነካቸው 😂

ጎዛምን፦ ሴል ሳይሆን ሁለት መለኪያ አረቄ ነው የጎደለህ

ነጭ ጋዎን፦ አረቄውን ተወው፣ የሞቀህ የሚመስልህ የቆዳህ የደም ስሮች ስለሚሰፉ ነው እንጂ ሙቀትህን ወደ ውጪ እያስወጣብህ ነው። ሙቀቱን የሚያመርተው ቡናማ ስብ ነው፣ አንገትና ትከሻ አካባቢ ያለ፣ ብርድ ሲነካህ ነርቮች ኖርአድሬናሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይለቁና ያነቁታል እሱም የበላኸውን ቀጥታ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ነጭ የደም ሴሎች እዛው ስቡ ውስጥ ይኖራሉ፣ ማክሮፋጅ የሚባሉት ኖርአድሬናሊኑን ራሳቸው እያመረቱ እሳቱን ያግላሉ።

አባይ ማዶ፦ የመጨረሻዋ ላይ ቆይ፣ እሱ በ2011 (በፈረንጅ) የወጣ ነው፣ በ2017 ሌሎች ደግመው ሲያዩት ማክሮፋጆች ያን ያህል አያመርቱም ተባለ። እንደውም በዛው አመት ነርቭ ላይ የተለጠፉ ማክሮፋጆች ኖርአድሬናሊኑን እየዋጡ ሲያጠፉት ተገኘ፣ ማለት እሳቱን የሚያቀዘቅዙም አሉ። በሌላ በኩል ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነጩ ስብ (ጉልበት የሚያጠራቅመው ተራው ስብ) ወደ ቡናማው እንዲጠጋ ይረዳሉ። ግን ይሄ ሁሉ በብዛት አይጥ ላይ የታየ ነው፣ ጮቄ ላይ አይጥ አትሁን 😄

ነጭ ጋዎን፦ ልክ ነህ፣ እኔ የድሮውን ነው ይዤ የቀረሁት። ብርድ የለመደ ሰው ቡናማ ስቡ እንደሚነቃቃ ግን ሰው ላይም ታይቷል፣ ስለዚህ ወንድሜ ትንሽ ታገስ።

የሞጣዋ፦ ልጁ አይበርደውም ያለህ ማነው? እኛም በግ ጠብቀናል፣ እግራችን ሲደነዝዝ ላም ተኝታ የተነሳችበት ቦታ ላይ ሄደን እንቆም ነበር። ማን ጠየቀን

የባህርዳር ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ጠየኩት። "ይበርደኛል እንጂ ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው እኮ ነው" አለኝና በጎቹን ተከትሎ ሮጠ።