250 ኦም ሄድፎን፣ ብሉቱዝ አምፕ እና የአባቴ በገና፦ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

አያት_መጨረሻ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አባቴ በገና ይደረድር ነበር። ስም ያለው ደርዳሪ አይደለም፤ ለቤቱና ለጎረቤቱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ማታ ማታ ይቀመጣል፤ ታላቅ ወንድሜ ቴፑን አጠገቡ አድርጎ ይቀዳዋል። አባቴ ካረፈ በኋላ 11 ካሴት ቀረልን። አምና አንድ ልጅ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጠልኝ፤ አሁን ስልኬ ላይ አሉ።

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የሚባል ሄድፎን ይዛልኝ መጣች። ባለ 250 ኦሙን። «ስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት ነው» አለችኝ። እኔ ኦም ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሣጥኑ ላይ ተጽፎ ስላየሁ ነው። ስልኬ ክብ መሰኪያ የለውም፤ በታይፕ ሲ ቅጥያ ሰካሁት። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼው እንኳ አባቴ ጎረቤት ቤት ሆኖ የሚደረድር ነው የሚመስለው።

ሱቅ ሄጄ ተናገርኩ። «አንተ የሚያስፈልግህ ብሉቱዝ አምፕ ነው፤ ዳክም አለው» አሉኝ። አምፕ ድምፅ የሚያጎላ፣ ዳክ ደግሞ ዲጂታሉን ፋይል ሄድፎን ወደሚያሰማው ሞገድ የሚቀይር ነው አሉ። ገዛሁ። የክብሪት ሣጥን ታክላለች። ከኋላዋ መቆንጠጫ አላት፤ ሸሚዝ ላይ ትያዛለች። ሄድፎኑን እሷ ላይ እሰካለሁ፤ ስልኩ ዘፈኑን በብሉቱዝ ይልክላታል። ድምፁ ጨመረ፣ አልዋሽም። ግን ያሰብኩትን ያህል አይደለም። በዚያ ላይ ሽሽሽ የሚለው ነገር አብሮ ጨመረ። ጠዋት ባቡር ውስጥ ሆኜ መገናኛ ስንደርስ ደግሞ ይቆራረጥብኛል።

ከሁሉም የከፋኝ እንዚራው ነው። በገና የሚያውቅ ያውቃል፤ አውታሩ ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ናት ያንን ዝዝዝ የሚል ንዝረት የምታመጣው። እሷ ተድበስብሳለች። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የምትመስለው።

ተመልሼ ሱቁ ስሄድ «ቀጭኗ ቀዳዳ፣ 2.5ቷ፣ ጉልበቷ እጥፍ ነው፤ ቅጥያ ግዛና እዚያ ሰካው» አሉኝ። ቅጥያውን ቅዳሜ ልገዛ ነው። ምን ትላላችሁ?

ካውያ

ወንድሜ፣ ቅጥያውን እንዳትገዛ! ሌላውን ባታነብ ይቺን አንብብ።

ቀጭኗ ቀዳዳ ባላንስድ ትባላለች። በተራው መሰኪያ ግራና ቀኝ መሄጃቸው ለየብቻ ነው፤ መመለሻቸው ግን አንድ የጋራ ሽቦ ነው። በባላንስድ መመለሻውም ለየብቻ ነው፤ መመለሻው ራሱ ኃይል ይዟል። ያንተ ሄድፎን ገመድ ከግራው ጆሮ ብቻ የሚወጣ፣ የማይነቀል፣ መመለሻው የጋራ የሆነ ነው። ቅጥያ ስታደርግበት ሁለቱን ኃይል ያላቸው መመለሻዎች እርስ በርስ ታገናኛቸዋለህ። ሾርት ማለት ነው። እንዲህ ተደርጋ የመጣችልኝን አንዲት አምፕ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ቺፗ ጠቁሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። የሱቁ ልጅ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩን አይቶ ነው።

አሁን ወደ ኦሙ። ኦም በቀላሉ ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው እምቢታ ነው። 250 ብዙ ነው። ስልክና ትንንሽ ቅጥያዎች አንድ ቮልት ቢሰጡ ነው። በአንድ ቮልት ያንተ ሄድፎን የሚያገኘው 4 ሚሊዋት ነው። ሁለት ቮልት ብትሰጠው 16 ይሆናል። አራት እጥፍ ነው፤ ለጆሮ ግን 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ገደማ ይፈልጋል። አምፗን ገዝተህ «ያሰብኩትን ያህል አይደለም» ያልከው ለዚህ ነው። ዕቃዋ አላታለለችህም።

እንደኔ ግምት ዋናው ጉዳይ ቅጂው ነው። የቤት ቴፕ ላይ የተቀዳ፣ ማይኩ የራሱ የቴፑ፣ በገናው ቀስ ያለ። ፋይሉ ራሱ ዝቅ ብሏል። ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ኮምፒውተር ላይ ክፈተው፣ አምፕሊፋይ የሚለውን ንካ፤ ሳይሰነጠቅ እስከ ስንት ሊጨምር እንደሚችል ራሱ ይነግርሃል። አንዲት ሳል ወይም የበር ኳኳታ ካለችበት ግን በሷ ተይዞ አይጨምርም፤ መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ ቀንስ። ዋናውን ፋይል አትንካ፣ ቅጂው ላይ ሥራ።

ደሴ_ፒያሳ

እኔ አራዳነት አላውቅም። ሽሽሽ የሚለው ካሴቱ ነው፤ ካሴት ሽሽ ይላል፣ አለቀ። ድሮ በአንድ ጆሮ የቴፕ ኤርፎን ሰምተን አልቅሰናል። አሁን ኦም፣ ቮልት፣ ዳክ... ገንዘብህን ብትመልስ ይሻልሃል።

ካውያ

ደሴ፣ ሽሽታው ከካሴቱ ነው ያልከው ልክ ይመስለኛል። ግን ይረጋገጥ። ሙዚቃውን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ አንዳንዷ አምፕ ድምፅ ሲቆም ራሷን ዝም ታሰኛለች። በቅርብ ስቱዲዮ የተቀዳ ንጹሕ ነገር በዚያው ቮልዩም ይክፈት። ያኔ ሽሽታው ከሌለ አምፗ ነፃ ናት።

አያት፣ አንድ ነገር ደግሞ። ሽሽታውን በኮምፒውተር ልጥረግ ብለህ እንዳትቸኩል። የካሴት ሽሽታና የእንዚራ ንዝረት ብዙውን ጊዜ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ላይኛው ቀጭን ድምፅ ላይ። አንዱን ስትጠርግ ሌላውን አብረህ ታወጣዋለህ። ይልቅ ይህ ሄድፎን 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ከፍ የሚል ጠባይ አለው። አምፗ በስልክ የሚታዘዝ ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክል) ካላት እዚያ ላይ 3 ዴሲቤል ቀንስ። ሽሽታው ጋብ ይላል፣ ንዝረቱ አይሞትም።

የሌሊት_ፈረቃ

እኔ ቨርጂኒያ ሆኜ በስልክ አስተረጉማለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው የምውለው፣ ስለዚህ ልናገር።

ወንድሜ፣ ፋይሎቹ ምንድን ናቸው? ኤምፒ3 ናቸው? ስንት? ማንም አልጠየቀህም። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልግ። ኤምፒ3 ሲጨመቅ ቀድሞ የሚጣለው ላይኛው ቀጭን ድምፅ ነው። ብሉቱዙ ደግሞ የመጣለትን ድጋሚ ይጨምቃል። የተቆላ ቡና ድጋሚ እንደመቁላት ነው። ልጁ ሲገለብጥ ዋቭ፣ ያልተጨመቀውን፣ ይዞ ከሆነ እሱን በፍላሽ ተቀበለው።

ብሉቱዙን በተመለከተ፣ ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። የሶኒ ኤልዳክ የሚባለው የብሉቱዝ ድምፅ መላኪያ ዘዴ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከአንድሮይድ 8 ወዲህ፣ በብዙ ስልክ ላይ አለ። የኔ አይፎን ኤልዳክ የለውም፣ ቢበዛ ኤኤሲ የሚባለውን ዘዴ ነው የሚልከው፤ አምፑን ብቀያይርም ያው ነው። ሴቲንግ ግባ፣ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንካ፣ ዲቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈትልሃል። እዚያ ውስጥ የብሉቱዝ ኮዴክ (ድምፁ ተጨምቆ የሚላክበት ዘዴ) አለ። አምፗ ስትገናኝ ኤልዳክ ካልታየህ አምፗ አትችለውም ማለት ነው። ከታየህ ሦስት ፍጥነት አለው፦ በሴኮንድ 990፣ 660፣ 330 ኪሎቢት። ቤት 990፣ ባቡር ውስጥ 660 አድርገው። 990ን መገናኛ ላይ አትሞክረው፣ ያን ሁሉ ስልክ መሐል አይሆንም።

ስልኩን የት ነው የምትይዘው? የኋላ ኪስ ከሆነና አምፗ ደረትህ ላይ ከሆነች መሐል ያለኸው አንተ ነህ። ሰውነት ውኃ ነው፤ ብሉቱዝ ውኃ አይወድም። ስልኩን ወደ ፊት ኪስ አምጣው። እኔ በዚህ ብቻ ነው የተገላገልኩት።

ሌላው፣ ስልክ ሲደወል ድምፁ በድንገት እንደ ድሮ ቀጭን ስልክ ቢሆን አትደንግጥ። ማይክ ሲከፈት ብሉቱዙ ወደ ስልክ ጥሪ ይቀየራል። አንድ ፕሮግራም ማይኩን ይዞ ከቀረ ሙዚቃውም እንደዚያ ይቀራል፤ ዘግተህ ክፈት።

ቤት ስትሆን ደግሞ ብሉቱዙን ተወው። አብዛኞቹ በታይፕ ሲ ገመድ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ፤ ያኔ መጨመቅ የለም። ስልክህን ግን ይመጡታል። «ቻርጅ አድርግ» የሚል ማስተካከያ ካላት አጥፋው፤ በተለይ መብራት በሚጠፋበት ማታ።

አያት_መጨረሻ

ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ቅጥያውን አልገዛሁም። ካውያ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የሌሊት ፈረቃ፣ እህቴ፣ መታሽው። 128 ነበሩ። ልጁን ደወልኩለት፤ «ዋቮቹማ አሉ፣ ስልክህ እንዳይሞላ ብዬ ነው» አለኝ። በደግነት ነው እንግዲህ። በፍላሽ ወሰድኩ። ስልኩንም ከኋላ ኪስ ወደ ሸሚዝ ኪስ አመጣሁት፤ ትናንት መገናኛን ሳይቆራረጥ አለፍኩ። ኤልዳክ አላት፣ 660 ላይ ነኝ። ንጹሕ ሙዚቃ ከፍቼም አየሁ፣ ሽሽታ የለም። ደሴ፣ አንተም አልተሳሳትክም፤ ገንዘቤን ግን አልመልስም።

ትናንት ማታ በገመድ አድርጌ ሦስተኛውን ካሴት ከፈትኩ። ኦዳሲቲ 14 ዴሲቤል ጨመረልኝ። እንዚራው መጣ። ከዝዝዝታው በፊት ጣቱ አውታሩን ሲነካ ጠቅ የምትል ነገር አለች፤ እሷን በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ከጀርባ ደግሞ ሲኒ ይጋጫል። እናቴ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሰባተኛው ካሴት ላይ አባቴ ሲጀምር ደህና ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። መጨረሻው ላይ ልጅ ሆኗል። በገናውም ክራር መስሏል። ይህን አምፗ ታመጣዋለች?

ካውያ

አምፗ አታመጣውም። ወንድምህ የሚቀዳው በመብራት ነበር በባትሪ ድንጋይ? ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ቴፑ ሲቀዳ ይጎተታል። ኋላ በደህና ፍጥነት ስታጫውተው ድምፁ ይቀጥናል። ኦዳሲቲ ላይ ፍጥነት የሚቀይረውን ተጠቀም፣ ቅኝት ብቻ የሚቀይረውን አይደለም። እየባሰ የሚሄድ ስለሆነ በአንዴ አይሆንም፤ ቁራጭ በቁራጭ ነው። አድካሚ ነው፣ ልዋሽህ አልችልም።

አያት_መጨረሻ

ወንድሜን ደውዬ ጠየቅሁት። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በድንጋይ ነበር። ሁዳዴ ሙሉ አዲስ ድንጋይ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው፣ ቀን ቀን ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ እያስመታ ማታ ይመልሳቸው ነበር። ሰባተኛው ካሴት የተቀዳ ቀን ደመና ነበር አለኝ።